ሻጋታ ወንዝ ያጸዳል?

ቆስጣውን በጨው ውሃ ዘፍዝፈው፣ ቅጠል በቅጠል አጥበው፣ በደንብ ቀቅለው ለልጆችዎ ያቀርባሉ። አፈሩ ታጥቧል፤ ጀርሙም ሞቷል። ቆስጣው የጠጣው የተበከለ የወንዝ ውሃ ከሆነ ግን፣ በሥሩ ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ የተቀመጠውን ከባድ ብረት ማጠብም ሆነ መቀቀል አያወጣውም።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ ዳርና ዳር ያለውን ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣሉ። በውሃውና በአትክልቱ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ አግኝተዋል (መጻፊያውን ማለቴ አይደለም፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ነው)። ክሮሚየም ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበት ነው። እርሳስ የልጆችን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

ተመራማሪዎች ለዚህ ችግር ከሚሞክሯቸው መፍትሔዎች አንዱ ከደረቀ ዳቦ ላይ ቆርጠን የምንጥለው የሻጋታ ወገን ነው። ውሃ ውስጥ የሟሙ ብረቶች አብዛኞቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው። የሻጋታና የእርሾ ሴል ግድግዳ ደግሞ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቦታዎች ስላሉት ብረቱን ስቦ ይይዛል። የሚገርመው፣ ለዚህ ሥራ ሻጋታው በሕይወት መኖር እንኳ አያስፈልገውም። ደርቆና ተፈጭቶ በቱቦ ውስጥ ይሞላል፤ ውሃው በውስጡ ያልፋል።

ጥሬ ዕቃውም ብርቅ አይደለም። ለስላሳና ከረሜላ ውስጥ የሚገባው ሲትሪክ አሲድ የሚመረተው አስፐርጂለስ ኒጀር በተባለ ሻጋታ ሲሆን፣ ከምርቱ በኋላ ሻጋታው ተረፈ ምርት ይሆናል። የቢራ ፋብሪካ እርሾም እንዲሁ። ጠላ አተላ ውስጥ ያለው እርሾ የዚሁ ዘመድ ነው፤ አተላን ለከብት እንጂ ለወንዝ ያሰበ ማን አለ?

ነገር ግን ብረት አይበሰብስም፤ ከውሃው ወደ ሻጋታው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በአሲድ ታጥቦ መውጣት ወይም በጥንቃቄ መወገድ አለበት። በቤተ ሙከራ ንጹሕ ውሃ ላይ ጥሩ የሠራው ዘዴም ሳሙና፣ ጨውና ቆሻሻ የተቀላቀለበት ወንዝ ላይ ይደክማል። ስለዚህ ቦታው ከፋብሪካው በር ላይ፣ ፍሳሹ ወንዝ ሳይገባ በፊት ነው። ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ሳይንሱ አይደለም፤ ፋብሪካው ወጪውን እንዲሸፍን የሚያስገድደው ማን ነው የሚለው ነው።

እርስዎ ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ አንዳንድ ሻጋታዎች መርዝ ያመነጫሉ። ውሃ ማፍላትና የክሎሪን ጠብታም ለጀርም እንጂ ለብረት አይሆኑም። ይልቅ የአትክልት ደንበኛዎን የት እንደበቀለ ይጠይቁ፤ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻም አያዘውትሩ። በክረምት እንጉዳይ የሚለቅሙ ከሆነ ደግሞ ያው ብረት የመሳብ ጠባይ እንጉዳይም ላይ አለና፣ ከወንዝ ዳርና ከመኪና መንገድ ዳር የበቀለውን ይተዉት።