ትንሹ አውሎ ነፋስና ሰፊው ማዕበል
እ.ኤ.አ. በ1974 የገና ዕለት የአውስትራሊያዋን ዳርዊን ያፈራረሰው ትሬሲ እጅግ ትንሽ አውሎ ነፋስ ነበር። ኃይለኛ ነፋሱ ከመሃሉ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ግን 66 ሰዎች ሞቱ።

ስፋትና ጉልበት ለየቅል ናቸው።

የአውሎ ነፋስ ጉልበት የሚበረታው በዓይኑ (በመሃሉ) ዙሪያ ባለው የደመና ግድግዳ ነው፤ አየሩ ወደ መሃል በተሳበ ቁጥር ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። አንዳንዴ ከውጭ ሌላ ግድግዳ ይፈጠርና የውስጠኛውን እርጥበት ይነጥቀዋል። ያኔ የነፋሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ስፋቱ ግን ይጨምራል። ይህ መዳከም ክፉኛ ያዘናጋል።

ለምሳሌ ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካዋ ሉዊዚያና የደረሰችው ከነፋስ ፍጥነት ደረጃ 5 ወደ 3 ወርዳ ነው። ሆኖም ከስፋቷ የተነሳ በሚሲሲፒ ዳርቻ ባሕሩ ከ8 ሜትር በላይ ከፍ አለ። በባሕር ዳርቻ የምትኖሩ፣ ትንበያ ስትሰሙ ከደረጃው ጋር ስፋቱንም ጠይቁ።