አቼቶ ውስጥ የተነከረ የዶሮ አጥንት

ከዶሮ ወጡ የተረፈውን የእግር አጥንት አይጣሉት። ሥጋውን አራግፈው ይጠቡትና ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጡት፤ እስኪሰጥም ድረስ አቼቶ ያፍሱበት። ከድነው ጥቂት ቀናት ይታገሱ፤ በመሃል አቼቶውን ቢቀይሩት ሥራው ይፈጥናል።

ሲያወጡት አጥንቱ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። አሲዱ አጥንቱን ያጠነከረውን የካልሲየም ማዕድን አሟሙቶ ወስዶታል። የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው።

አሁን የራስዎን ቅልጥም በጣትዎ ኳ ኳ ያድርጉት። እዚያ ውስጥም አሲድ ሥራ ላይ ነው! አጥንት አፍራሽ ህዋሳት ያረጀው ቦታ ላይ ተለጥፈው አሲድ እያመነጩ ይሸረሽሩታል፤ አጥንት ገንቢዎቹ ደግሞ ከኋላ እየተከተሉ ይሞሉታል። በዚህ ዓይነት ከአዋቂ ሰው አፅም 10 በመቶ ያህሉ በየዓመቱ ይታደሳል።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ገንቢዎቹ ኦስቲኦካልሲን የሚባል ፕሮቲን ይሠራሉ። ጎመን ውስጥ በብዛት ያለው ቫይታሚን ኬ ይህ ፕሮቲን ማዕድኑን አጥብቆ እንዲይዝ ያግዘዋል። የአፍራሾቹ አሲድ ሲደርስ ግን ይዞታው ይላላል፤ የተወሰነው ፕሮቲን ከአጥንቱ ተላቆ ከደም ጋር ይጓዛል።

ወዴት? በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጄራርድ ካርሰንቲና ባልደረቦቹ ይህንኑ በአይጥ ፈተሹ። በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ኦስቲኦካልሲን የሌላቸው አይጦች ስብ አበዙ፤ በደማቸው ያለው ስኳርም ጨመረ። ፕሮቲኑ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚቀሰቅስ ሆርሞን ሆኖ ታያቸው።

በ2011 ደግሞ ወደ ዘር ፍሬ ዞሩ። ሆርሞኑ የጎደላቸው ወንድ አይጦች ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ አለ፤ የዘር ህዋሳቸው አነሰ፤ ግልገሎቻቸውም ጥቂት ሆኑ። ሴቶቹ አይጦች ግን ምንም አልሆኑም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2020 ሁለት ሌሎች ቡድኖች ኦስቲኦካልሲን የሌላቸው አይጦች በየፊናቸው አዘጋጁ። የነሱ አይጦች ስኳርም ቴስቶስትሮንም ደህና ነበር። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም። የስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ኦስቲኦካልሲን አነስ ብሎ መገኘቱ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ሆኖም አብሮ መታየት ብቻውን የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይናገርም።

ስለዚህ አንድ ሰው «የአጥንት መረቅ ወንድን ያስወልዳል» ቢልዎት፣ እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት አካል ራሱ በሚያመነጨው ሆርሞን ላይ እንጂ በመረቅ ላይ አለመሆኑን ይንገሩት። መረቁን ለጣዕሙ ይጠጡት። ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ካሉ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ፤ ሚስትን ብቻ ሐኪም ዘንድ መላክ ግማሹን ምርመራ መተው ነው።