ተጨማሪ መረጃ፦ ሦስት ስምጦች የሚገናኙበት ምድር

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ተጓዥ የደጋውን ጠርዝ እየለቀቀ ነው። የቦርከና ሸለቆ ራሱ መሬት ተሰንጥቆ በመስመጡ የተፈጠረ ነው። ከዚያ በስተምሥራቅ፣ በአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ክንዶች ይገናኛሉ። ሁለቱ የባሕር ክንዶች በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሰፉ፣ የእኛው ስምጥ ሸለቆ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም።

መሬት ሲለጠጥ ቅርፊቱ ይሳሳል። ከደጋው ሥር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወፍረው ቅርፊት በአፋሩ ደናክል ወደ 15 ይወርዳል፤ የውቅያኖስ ወለል ቅርፊት ደግሞ በአማካይ 7 ኪሎ ሜትር ነው። አፋር እንግዲህ ወደ ውቅያኖስነት ገና መንገድ ላይ ነው።

መስፋቱ ግን ሁልጊዜ ዝግ ያለ አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሬቱን በጥቂት ሳምንታት፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ከፈተው። በተለመደው ፍጥነት ይህ ከ400 ዓመት በላይ በፈጀ ነበር! ወሎና አካባቢውም ከምድሩ ድንገተኛ እንቅስቃሴ አላመለጡም፦ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው ርእደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል።