የቤተሰብን ምስል ለማካፈል የሚከፈለው ዋጋ

ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሌክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ሰዎች በየቤታቸው ኮምፒዩተር ላይ ያከማቹትን ፊልም፣ ዜማና ፎቶግራፍ በሩቅ ላሉ ዘመዶቻቸው በኢንተርኔት እንዲያካፍሉ የሚያስችለውን ሶፍትዌሩን በሚመለከት አዲስ ሥርዓት አጸና፤ ይኸውም ቀድሞ ያለ ክፍያ ይፈቀድ የነበረው ሰርቨሩ፣ ማለት ፋይሎቹ የተከማቹበት ኮምፒዩተር፣ ካለበት ቤት ውጭ ሆኖ ቪዲዮ መመልከት ከእንግዲህ የሚከፈልበት እንዲሆን፣ የወሩ ክፍያ ከ4.99 ወደ 6.99፣ የዓመቱ ከ39.99 ወደ 69.99፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው ደግሞ ከ119.99 ወደ 249.99 ዶላር ከፍ እንዲል ነው። ነገሩ ለባዕድ ገበያ ብቻ የተነገረ ይምሰል እንጂ፣ ልጆቹ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሪያድና በቴል አቪቭ ተበትነው እናትና አባት በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ለቀሩበት ቤተሰብ ሁሉ፣ የሠርጉንና የክርስትናውን ምስል ማን ይጠብቅ፣ በማንስ ወጪ ይታይ የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካ ስለ ሆነ ረጋ ብሎ መመርመር ይገባል።

ዲስኩ የቤተሰቡ፣ መብራቱም የቤተሰቡ ከሆነ ኩባንያው ዋጋ የሚጠይቀው በምን ላይ ነው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የፕሌክስ ተጠቃሚ ወደ ዘመዱ ሰርቨር የሚደርሰው ስሙና የይለፍ ቃሉ በኩባንያው መዝገብ ተመርምሮ፣ የሰርቨሩም አድራሻ ከዚያው ተነግሮት ሲሆን፣ ቀጥተኛው መንገድ በተዘጋ ጊዜም ምስሉ በኩባንያው ማሽኖች በኩል ዞሮ ይመጣለታል፤ እንግዲህ ቤቱን የሠራው ባለቤቱ ቢሆንም በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ የሌላ ሰው ቅጥረኛ ነው፣ ዘበኛውም በየወሩ ደመወዝ ይሻል። በዚህ ላይ ዕድሜ ልክ ተብሎ የተሸጠ መብት ገቢው አንድ ጊዜ፣ ወጪው ግን በየዓመቱ የሚመጣ በመሆኑ፣ በነጻ ተሰጥቶ የነበረውን ወደ ክፍያ ማዛወር ከባሕርየ ንግድ የሚመነጭ እንጂ ከክፋት የመጣ አይመስለኝም። ሆኖም ዘመዶቹን ሁሉ በአንድ ኩባንያ መዝገብ ያስመዘገበ ሰው ወደ ሌላ ለመሻገር የሚጠብቀው ድካም ብዙ ስለ ሆነ ጭማሪውን ባይወደውም ይከፍላል፤ የኢኮኖሚ ሊቃውንት የመዛወሪያ ወጪ የሚሉትም ይህንኑ ነው።

ሌላው መንገድ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ኤምቢ የተባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር የተጻፈበት ምንጭ ለሁሉ ግልጽ ሆኖ ቆይቶ ባለቤቶቹ በዘጉት ጊዜ፣ በጎ ፈቃደኞች እስከዚያ ድረስ በይፋ የተጻፈውን ይዘው ጄሊፊን የተባለውን አቋቋሙ። ጄሊፊን ዋጋ የለውም፤ የተጠቃሚዎቹም መዝገብ የሚገኘው በቤተሰቡ በራሱ ዲስክ ላይ ነው። እኔ ግን ከዋጋው ይልቅ ከፍ አድርጌ የምመለከተው ጂፒኤል የተባለውን የፈቃድ ውሉን ነው፤ ምክንያቱም ውሉ ማንም ሰው ሶፍትዌሩን እንዲቀዳና እንዲያሻሽል ስለሚፈቅድ፣ አሻሽሎ ለሌላ ያደለውንም ምንጩን እንዳይሰውር ስለሚያስገድድ፣ ዛሬ የሚመሩት ሰዎች ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡ እንኳ ሌሎች ካለበት አንሥተው ሊቀጥሉት ይችላሉ።

ከሶፍትዌሩ ዋጋ ይልቅ አዘውትሮ የሚዘነጋው የምስሉ የኢንተርኔት ጉዞ ወጪ ነው። በሜሪላንድ የሚኖር ልጅ በቤቱ አነስተኛ ኮምፒዩተር አስቀምጦ የእህቱን ሠርግ አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ያሳያል እንበል። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚፈስ የ2 ሰዓት ቪዲዮ 7.2 ጊጋባይት ይሆናል፤ እናቲቱ በሞባይል ዳታ የሚመለከቱ ከሆነም ያ ሁሉ ከገዙት ጥቅል ላይ ይቀነሳል። ሰርቨሩ ምስሉን በዚያው ቅጽበት ወደ 2 ሜጋቢት አሳንሶ ቢልክላቸው ግን ያው ሠርግ በ1.8 ጊጋባይት ያልቃል፣ በስልክ ላይም ለሚመለከት ሰው ጥራቱ ይበቃል። ይህ የማሳነስ ሥራ ለኮምፒዩተሩ ከባድ ሸክም በመሆኑ ለምስል በተሠራው ልዩ ክፍል ሊከናወን ይገባዋል፤ ይህንንም ፕሌክስና ኤምቢ ለከፋዮቻቸው ብቻ ሲሰጡ ጄሊፊን ለሁሉም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ለልጁ የሚቀረው የመብራት ሒሳብ ነው፤ በአማካይ 10 ዋት የሚስብ ኮምፒዩተር ሌሊትና ቀን ቢሠራ በዓመት ወደ 88 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፣ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በ17 የአሜሪካ ሳንቲም ቢታሰብ 15 ዶላር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ስለ ናረ፣ ወጪው ሁሉ ዶላር በሚያገኘው ወገን እንዲያርፍ፣ በብር የሚኖረውም ወገን ቀላል የሆነውን ፍሰት ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ትክክለኛው ሥርዓት ነው።

ጄሊፊን ነጻ ነው ማለት ግን ድካም የለውም ማለት አይደለም። አንዳንድ አቅራቢዎች አንዱን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ስለሚያካፍሉ ከውጭ ወደ ቤት መግባት ራሱ ጥበብ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩን ያለ ጥበቃ ለዓለም ክፍት ማድረግ አደጋ ስለ ሆነም እንደ ዋየርጋርድ ያለ የተመሰጠረ መስመር መዘርጋት፣ በእናትም ስልክ ላይ ማስገባት፣ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር መከታተል ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው የቤተሰቡ ዐቃቤ ንዋይ ደመወዝ ባይቀበልም ጊዜው ዋጋ አለው፤ እርሱ በታመመ ወይም ቤት በለወጠ ጊዜ አገልግሎቱ ይቆማል። በአንጻሩ የኩባንያ መዝገብም ከአደጋ የራቀ አይደለም፤ የፕሌክስ ተጠቃሚዎች ኢሜይልና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል በነሐሴ 2014፣ እንደገናም በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በሰርጎ ገቦች እጅ ወድቆ ሁሉም የይለፍ ቃላቸውን እንዲለውጡ ተነግሯቸዋል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። በቤተሰቡ መካከል ይህን ሥራ ወድዶ የሚይዝ ሰው ካለ ጄሊፊን ይመረጥ። ከሌለ ለፕሌክስ መክፈል አያሳፍርም፤ የሚከፍለው ግን የሰርቨሩ ባለቤት ይሁን፣ እርሱ ደንበኛ ከሆነ ተመልካቾቹ እንዲከፍሉ አይጠየቁምና። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ዋጋ ባለቤቱ ሳይከፍል ቢቀር እያንዳንዱ ዘመድ በዓመት 19.99 ዶላር ይጠየቃል፤ ይህም ለሦስት ሰው 59.97፣ ለአራት ሰው 79.96 ስለሚሆን፣ የሩቅ ተመልካቾቹ አራት ከደረሱ የባለቤቱ የ69.99 ክፍያ ይረክሳል። በዚያው የ2017 ዋጋ የዕድሜ ልኩ ክፍያ የዓመቱን የሚያካክሰው ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ ያን ያህል እቆያለሁ ብሎ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አይግዛው። የሚካፈለውም የቤተሰቡ የራሱ ቅጂ ይሁን፤ የሌላ ሰው ፊልምና ዜማ ያለ ፈቃድ ማደል በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው።

ከሁለቱ የትኛውንም ብትመርጡ፣ አንባቢዎቼ ሆይ፣ የሠርጉንና የክርስትናውን ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ፣ በሌላ ዘመድ ቤት አስቀምጡ፤ ፕሌክስም ሆነ ጄሊፊን የተበላሸ ዲስክ አይመልስምና።