ፀሐይን ፎቶ ሲያነሱ ዓይንዎን እንዳይጎዱ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም በላሊበላና አካባቢዋ ፀሐይ የብርሃን ቀለበት መስላ በታየችበት ማለዳ ብዙዎች ካሜራቸውንና ስልካቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም ደግሞ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሰሜን አፍሪካ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ያልፋል፤ በአገራችን በከፊል ይታያል። ፎቶ ለማንሳት ካሰቡ አስቀድመው ስለ ዓይንዎ ያስቡ።

ፀሐይን በቀጥታ ሲመለከቱ የዓይን ሌንስ ብርሃኑን ሰብስቦ ምስል በሚያርፍበት የዓይን ክፍል፣ በሬቲና ላይ ያሳርፈዋል። ሬቲና ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ ስለሌለው ሲጎዳ አያምም። ሰውየው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይተኛና ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ከሚያየው ነገር መሐል ጥቁር ነጥብ ይጋረጥበታል፤ ቀጥ ያለው መስመር ይጣመምበታል። ለዚህ ጉዳት የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። አንዳንዱ በሳምንታት ወይም በወራት ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ግን ጉዳቱ አብሮት ይኖራል።

በቴሌስኮፕ ሲሆን አደጋው ይብሳል። የፊት ሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ እንኳን፣ በቀን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከሚሆነው የዓይን ብሌን ከ1ሺህ እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ጉዳቱም በቅጽበት ይደርሳል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ይተግብሩ፦

• የፀሐይ ፊልተሩ የሚገጠመው በቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል ነው። ዓይን በሚደቀንበት በኩል የሚገጠም ፊልተር በሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል።

• የግርዶሽ መነጽር አድርገው በቴሌስኮፕ ወይም በካሜራ ሌንስ አይመልከቱ። የተጠራቀመው ብርሃን መነጽሩን አልፎ ዓይንን ያቃጥላል።

• ለዓይን የሚሆን ፊልተር ከብርሃኑ ከመቶ ሺህ አንዱን ያህል ብቻ ያሳልፋል። «ለፎቶ ብቻ» ተብሎ የሚሸጠው ከዚያ በላይ ስለሚያሳልፍ በእርሱ አይመልከቱ፤ ምስሉን በካሜራው ስክሪን ይከታተሉ።

• ፊልተሩን ከመግጠምዎ በፊት ወደ አምፖል አቅንተው ይፈትሹ። የተጫረ ወይም የተበሳ ከሆነ ይጣሉት። ነፋስ እንዳይነቅለውም አጥብቀው ይሰሩት።

• ማነጣጠሪያ የሆነችውን ትንሿን ቴሌስኮፕ ይክደኑ።

• ቴሌስኮፑን ፀሐይ ላይ እንዳነጣጠረ ትተው አይሂዱ፤ ልጆች መጥተው ዓይናቸውን ሊደቅኑበት ይችላሉ።

የራጅ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት፣ ሲዲና ተራ የፀሐይ መነጽር ፊልተርን አይተኩም። በባልዲ ውኃ ውስጥ የሚታይ የፀሐይ ነጸብራቅም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። በከፊል ግርዶሽ ጊዜ የምትቀረው ቀጭን የፀሐይ ክፍል ሬቲናን ለመጉዳት ስለምትበቃ ፊልተሩን ለአፍታም አያንሱ።

ቴሌስኮፕም ፊልተርም ከሌለዎት ካርቶን በመርፌ ይብሱ። ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው በቀዳዳው ያለፈውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉ። የግርዶሹ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ በስልክዎ ሊያነሱትም ይችላሉ።

ፀሐይን ከተመለከቱ በኋላ ዕይታዎ ከደበዘዘ ወይም ነጥብ ከታየዎት በራስዎ የዓይን ጠብታ ገዝተው አይጠቀሙ። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።