የትኛው መንጃ ፈቃድ?

«መንጃ ፈቃድ አለው» ሲባል ብዙዎቻችን ሰውየው ያገኘውን መኪና ሁሉ መንዳት የሚችል ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ለተወሰነ የተሽከርካሪ ዓይነት የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ ነው። ሌላ ዓይነት መንዳት የፈለገ ሰው ያንን ምድብ ሠልጥኖና ተፈትኖ በያዘው ላይ ማስጨመር አለበት። ይህ ለምን እንደሆነና እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን ምን እንደሚመለከተን በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ምድቦቹን እንመልከት። ድሮ መንጃ ፈቃድ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ደረጃ ነበር። አባቶቻችን «እሱ እኮ አምስተኛ አለው» ሲሉ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ይነዳል ማለታቸው ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000 ይህን መሰላል ትቶ ፈቃዱን በተሽከርካሪው ዓይነትና ሥራ ከፋፈለው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተተካ፤ በምድብ መክፈሉ ግን ቀጠለ። «ሕዝብ»፣ «ደረቅ»፣ «ፈሳሽ» እያልን የምንጠራቸው እነዚህን ምድቦች ነው። «ሕዝብ» ሰው ለሚያመላልስ፣ «ደረቅ» እህልና ሲሚንቶ ለመሳሰለው ጭነት፣ «ፈሳሽ» ለቦቴ ነው። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲጨምር መኪናውም ይተልቃል።

አሠራሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ፈቃድን በፊደል ይከፍላል፤ ኤ ለሞተር ሳይክል፣ ቢ ለቀላል መኪና፣ ሲ ለጭነት፣ ዲ ለአውቶቡስ፣ ኢ ለተሳቢ።

ታዲያ መንዳት መንዳት አይደለም እንዴ? አይደለም። ባጃጅን እንውሰድ። ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጅ ነው፤ ፍሪሲዮኑም ማርሹም በግራ እጅ ነው፤ እግር የሚሠራው ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። ወደ አይሱዙ ሲኬድ ፍሪሲዮኑ ወደ ግራ እግር፣ ነዳጁ ወደ ቀኝ እግር ይወርዳል። ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደ ወይን በሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ የተጫነ መኪና ፍሬን እየረገጠ ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉም ይደክማል። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው አደጋ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚጀምረው። የሠለጠነ ሾፌር ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ይዞ ይወርዳል። ቦቴም የራሱ ጠባይ አለው፤ በግማሽ የተሞላ ፈሳሽ በየኩርባው ይናጣል፣ መኪናውንም ወደ ጎን ይገፋል። ቅጥቅጥ የሚነዳ ደግሞ የሰው ነፍስ ነው የጫነው።

የአክስቴ ልጅ መካነ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። አንድ የአይሱዙ ባለቤት ሾፌሩ ሲቀርበት «መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል? እስከ ከላላ አድርስልኝ» አለው። እሱም «ጋሼ፣ የኔ የባጃጅ ነው» ብሎ መለሰ። ሰውየው ሳቀበት፤ ጓደኞቹም «ብር ገፋህ» አሉት። ለነገሩ ብሩ ያስፈልገዋል። ምድብ ለማሳደግ የትምህርትና የጤና ማስረጃ ማቅረብ፣ ዕድሜንና ልምድን ማሟላት፣ በማሠልጠኛ ተቋም ንድፈ ሐሳቡንና ተግባሩን መማር፣ ከዚያም መፈተን አለ። እሱ ደሴ ሄዶ ለመሠልጠን ነው ያሰበው። ክፍያው አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ባጃጇ የምትቆምበት ቀን ሁሉ ደግሞ ገቢ የለም። በዚህ ምክንያት ብዙ ረዳት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በዓይኑ ተምሮ መሪ ይይዛል። መሪ መያዝ ግን ብቃት አይደለም።

አደጋ ከደረሰ ነገሩ ይከብዳል። የኢንሹራንስ ውሎች ሾፌሩ ለሚነዳው መኪና የሚሆን ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ ከሌለው ባለንብረቱ ለመኪናው ካሣ ሊያጣ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። አድራጊው ሆነ ብሎ ግልጽ ደንብ ጥሶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ያ «አድርስልኝ» የተባለው ልጅ እስር ቤት ይገባል፤ የሟች ቤተሰብ ደግሞ ሞቱን ይዞ ይቀራል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ምድብ የሚጨመረው በሥልጠናና በልምድ ነው። ባለንብረቶች መኪና ከመስጠታቸው በፊት ወረቀቱን ገልጠው ምድቡን ያንብቡ። እኛም ነገ የአደጋ ዜና ስንሠራ ፖሊስን «ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ አለው ወይ?» ብለን ብቻ አንመለስ። «አለው» የሚለው መልስ እውነት ሆኖ ሊያሳስተን ይችላል። «የትኛው ምድብ? መቼ ያወጣው? ሲነዳ የነበረውስ ምን ነበር?» ብለን እንጨምር። በነዚህ ጥያቄዎች «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ከሚዘጋው ዜና ጀርባ መሪውን ማን፣ ለማን እንደሰጠው ማወቅ እንችላለን።