ሒሳቡ ኩሽና ይቅር፤ ማዕድ ላይ ባቅላቫው ይቅረብ

የመግሪብ አዛን ሊሰማ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው እናትና አባታችን ቤት ሦስት ነገር ይሸታል። የአጃ ሾርባው፣ በዘይት የሚጠበሰው ሳምቡሳ፣ ከኦቭን የወጣው ባቅላቫ። ሾርባውና ሳምቡሳው በየቤቱ አለ። ባቅላቫው ግን የእናታችን ነው። ሊጡን ራሷ ታቦካለች። በመዳመጫ እያሳሳች፣ ከሥሩ የያዘችው እጇ እስኪታይ ድረስ ትዘረጋዋለች። በየንብርብሩ መካከል የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ሄልና ቀረፋ ትነሰንሳለች። ከሱቅ የሚገዛው አይጥማትም። “እሱ ስኳር ነው እንጂ ባቅላቫ አይደለም” ትላለች።

እኛ ልጆቿ ሦስት ነን። ሁላችንም የየራሳችንን ጎጆ ወጥተናል። በረመዳን ግን ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን የምናፈጥረው ኮልፌ፣ ወላጆቻችን ቤት ነው። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ያ ባቅላቫ ቤታችን ውስጥ ኩርፊያ አስነስቶ ነበር። ከዚያ ኩርፊያ ያገኘነው ትምህርት ለሌላውም ቤት ይሆናል ብለን ነው ይህን የምንጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አባታችን ለምርመራ ሄደው የደም ስኳራቸው ከመደበኛው ከፍ ማለቱ ተነገራቸው። የስኳር ሕመም ነው አልተባሉም፤ መድኃኒትም አልታዘዘላቸውም። ሐኪሙ መጾም እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ክብደት መቀነስ፣ ጣፋጭና ዘይት ማሳነስ እንዳለባቸው መከራቸው።

እኛም ምክሩን ሰምተን ወደ ቤት ስንመለስ ወደ እገዳ ሮጥን። “እማዬ፣ ዘንድሮ ባቅላቫው ይቅር” አልናት። አልተከራከረችም። “እሺ” ብላ መዳመጫዋን ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። የዝምታዋ ክብደት የገባን ግን ዘግይተን ነው። በረመዳን እጇን የምታስመሰግንበትን ነገር ነጥቀናት ነበር።

ኮት ኪስ ውስጥ የተገኘው

የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ባቅላቫ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ታናሽ ወንድማችን የአባታችንን ኮት ሊሰቅል ሲያነሳ ከኪሱ በሽሮፕ የረጠበ ወረቀት አገኘ። ወረቀቱ ውስጥ የሙሸበክ ቁራጭ ተጣብቋል። አባታችን ከተራዊህ ሲመለሱ መንገድ ላይ እየገዙ፣ ቤት ሳይደርሱ ይበሉ ኖሯል። የስንት ቀን ነገር እንደሆነ አልነገሩንም። የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። “ልጆቼ፣ ቀን ጾሜ ማታም ልጹም?”

ከሁላችንም በላይ የከፋት እናታችን ነበረች። “ስንት ጊዜ እንደተጠበሰበት በማይታወቅ ዘይት የተሠራ ከሚበሉ የኔን ቢበሉ አይሻልም ነበር?” አለች። መልስ አልነበረንም። ጣፋጩን ከማዕዱ ስናርቀው ከአባታችን ሕይወት አልራቀም። ከዓይናችን ብቻ ነው የራቀው። ስንት እንደሚበሉም ማወቅ ተሳነን።

ስለዚህ እገዳውን አንስተን ሌላ መንገድ ያዝን። ባቅላቫው ይሠራ፤ ውስጡ ያለው ግን ይታወቅ።

እጅ የሚያውቀውን መመዘን

እናታችን በልኬት አትሠራም። “ስኳሩ ስንት ነው?” ስትባል “እጄ ያውቀዋል” ነው መልሷ። በኩባያ እየለካች እንድትሠራ ብናደርግ ደግሞ የእሷ ባቅላቫ አይሆንም። መላ የሆነን ቀላል ነገር ነው። አንዲት የኩሽና ሚዛን አመጣን። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ዘይቱንና ኦቾሎኒውን ከነዕቃቸው መዝነን ጻፍን። እሷ እንደ ልማዷ ሠራች። ስትጨርስ የተረፈውን ከነዕቃው እንደገና መዘንን። ልዩነቱ ትሪው ውስጥ የገባው ነው።

ውጤቱ ይህ ነበር፤ ካሎሪው በግምት ተጠጋግቶ የተሰላ ነው። 500 ግራም የስንዴ ዱቄት 1800 ካሎሪ። ሊጡ እንዳይጣበቅ የሚነሰነሰው 100 ግራም የበቆሎ ስታርች 380። 250 ግራም ዘይት 2200። 400 ግራም ኦቾሎኒ 2280። ለሽሮፑ የገባው 600 ግራም ስኳር 2340። ሲደመር 9000 ካሎሪ።

ለአንድ አዋቂ የቀን ፍጆታ በጥቅሉ የሚጠቀሰው 2000 ካሎሪ ነው። ከሰው ሰው፣ ከሥራ ሥራ ይለያያል። በዚህ ልኬት ያ አንድ ትሪ የአንድ ሰው የአራት ቀን ተኩል ምግብ ነው። እናታችን ወረቀቱን ደጋግማ አየችውና “ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ የማበላችሁ?” አለች። ደንግጣ ነበር።

ትሪው የሚቆረጠው 30 ላይ ነበር። እያንዳንዱ ቁራጭ 300 ካሎሪና 20 ግራም የሽሮፕ ስኳር ይዟል። አባታችን እንደ ልማዳቸው ሦስት ቁራጭ ሲበሉ 900 ካሎሪና 60 ግራም ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከስኳር፣ ከማርና ከጭማቂ የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ ምግብ ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በ2000 ካሎሪ ሲሰላ ወደ 50 ግራም ይጠጋል። ከአምስት በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል፤ እሱም 25 ግራም ገደማ ነው። የአባታችን ሦስት ቁራጭ፣ ሻዩና ጭማቂው ሳይቆጠር፣ ከላይኛው ወሰን አልፎ ነበር።

ማዕድ ላይ የተሠራው ስህተት

ቁጥሩን ካወቅን በኋላ ሌላ ጥፋት ሠራን። ከመካከላችን ታላቋ ስልኳን ይዛ ማዕድ ላይ መቁጠር ጀመረች። “ሳምቡሳው ይሄን ያህል፤ ቴምሩ ይሄን ያህል፤ አባባ ሁለተኛውን ባይወስዱ።” ቤቱ ኢፍጣር ሳይሆን የሒሳብ ክፍል መሰለ። በሦስተኛው ቀን በዚያ ዓመት መጾም የጀመረችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ያነሳችውን ሳምቡሳ ሰሃኑ ላይ መልሳ “ይሄስ ስንት ነው?” ብላ ጠየቀች።

ሁላችንም ዝም አልን። ቀኑን ሙሉ የጾመች፣ በማደግ ላይ ያለች ልጅ ምግብ ስትፈራ ማየት ከባቅላቫው የከፋ ነበር። እናታችን ሳምቡሳውን አንስታ በልጅቷ እጅ አስያዘቻትና “ማዕድ ላይ ሒሳብ አይሠራም። ቢስሚላህ በይና ብዪ” አለቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ “መቁጠር ከፈለጋችሁ ኩሽና ግቡ” አለችን።

ያ ቃል የቤታችን ሕግ ሆነ። ሒሳቡ ከአዛን በፊት፣ ኩሽና ውስጥ ያልቃል። ለማዕድ የሚቀርበው ልክ ተመጥኖ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ስለ ካሎሪ የሚናገር የለም። ቁርኣን በአል-አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ መብላትና መጠጣትን ፈቅዶ ከማባከን የሚያስጠነቅቀው ሁለቱንም አብሮ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ መብላቱን ከለከልን፤ ቀጥለን ማስጠንቀቂያውን የማዕድ ጫጫታ አደረግነው።

ከቂጣ ወደ ባቅላቫ

ቀጣዩ ሥራ ትሪውን ማቅለል ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ስኳሩን ወደ 250 ግራም አውርደን ዘይቱንም በግማሽ ስንቀንሰው ንብርብሩ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። እናታችን ቀምሳ “ይሄ ቂጣ ነው” አለች። ስኳሩን በማር ለመተካትም አስበን ነበር። ማርም ግን ስኳር ነው፤ የደም ስኳርን ከፍ ማድረጉ አይቀርም።

የተሳካው ሁለተኛው ነው። ስኳሩ 400 ግራም፣ ዘይቱ 180 ግራም ሆነ። ዘይቱን ከማፍሰስ ይልቅ በብሩሽ መቀባት ትንሹን ለብዙ ያዳርሰዋል። ኦቾሎኒው ጠቆር እስኪል ሲቆላና ሄሉ ሲጨመር መዓዛው የጎደለውን ጣፋጭነት ይሸፍናል። ሽሮፑ ውስጥ ሎሚ ይጨመቃል፤ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ ያደርገዋል። ባቅላቫው ከኦቭን እንደወጣ በትኩሱ፣ አስቀድሞ የቀዘቀዘ ሽሮፕ በዝግታ ይፈስበታል። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ይላቁጣል። ትሪው በአዲሱ መጠን ወደ 7600 ካሎሪ ወረደ።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ከቢላው ነው። 30 የነበረውን 48 ላይ ቆረጥነው። አንዱ ቁራጭ ወደ 160 ካሎሪና 8 ግራም ስኳር ሆነ። አባታችን ሁለት ሲበሉ 320 ካሎሪ ገደማ ነው። ከቀድሞው 900 ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ እሳቸው ግን ባቅላቫቸውን በልተዋል። የሚበሉትም እንደ ድሮው ከቴምሩ ጋር ወዲያው ሳይሆን፣ ከእራት በኋላ፣ ስኳር በሌለው ሻይ ነው።

ስለ ሰሃኖቹ

እናታችንን ያሳሰባት ቁራጩ መጠኑ ሳይሆን ይሉኝታው ነበር። በረመዳን ለአራት ጎረቤቶች ሰሃን ትልካለች። “ይህቺን ታህል ብልክ ቤታቸው ጎደለ አይሉኝም?” አለች። አንዷ ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ስለነበር እሳቸውም ጿሚ ነበሩ። እናታችን ባቅላቫውን በቅቤ ሳይሆን በዘይት፣ ያለ እንቁላል የምትሠራው ለእሳቸው ጾም እንዲሆን ብላ ነው። ከስንት ዓመት በፊት እንደጀመረችው እኛም አናውቅም።

በሰሃን አራት ትልልቅ ይሄድ የነበረው ስድስት ትንንሽ ሆነ። ለአራት ቤት 24፣ ለመስጊድ ማፍጠሪያ 12፣ ለቤታችን 12። በፊት ከትሪው እኩሌታው እኛው ዘንድ ይቀርና እስከ ሱሁር ድረስ ስናልፍ ስናገድም እናነሳው ነበር። አሁን አብዛኛው ከአዛን በፊት ከቤት ይወጣል። ጎረቤታችንም ሰሃኑን ሲመልሱ “ዘንድሮ በዛልኝ፤ ለልጆቹም ደረሰ” አሉ። ስለ ቁራጩ ማነስ አንድም ሰው አላነሳም።

ለሌላ ቤት የሚሆን

ይህን መንገድ መሞከር ለምትሹ ቤተሰቦች ከልምዳችን ጥቂት እንጨምር። ቀኑን ስለጾምን ማታ ምንም ብንበላ አይጎዳንም ማለት አይቻልም። ሰውነት የሌሊቱን ይደምራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ አለው። በዘይት የሚጠበስና ሽሮፕ የሚጠጣ ምግብ አንድ ማታ ላይ ከሚደራረቡ፣ ሳምቡሳው ቢበዛ ጣፋጩ ለነገ ቢተላለፍ ይሻላል። ልጆችን ካሎሪ አታስቆጥሯቸው፤ ለእነሱ የሚበቃው መጠኑን ከወላጅ ማየት ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን እኛ ባደረግነው ብቻ አይመራ። መጾም አለመጾሙን፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን፤ ለታመመ ሰው ሸሪዓው ፈቃድ አለው። ጣትን ወግቶ የደም ስኳር መለካት ጾምን እንደማያፈርስም ብዙ ዑለማዎች ያስረዳሉ።

አባታችን ከዒድ በኋላ ተመርምረው ነበር። ክብደታቸው ሁለት ኪሎ፣ የደም ስኳራቸውም ጥቂት ቀንሷል። ባቅላቫው አዳናቸው አንልም። ወደ ተራዊህ በእግራቸው መመላለሳቸው፣ ጭማቂውን በውኃ መተካታቸውም አለበት። ሐኪሙ “በዚሁ ቀጥሉ” ነው ያላቸው። ኮታቸውን ስንሰቅል ኪሱን መፈተሽ ትተናል።

ዘንድሮ ረመዳን ሲገባ መዳመጫውን ከቁም ሳጥን ያወጣችው እናታችን ራሷ ናት። ሚዛኑንም እሷው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጠራችን። “ስኳሩንና ዘይቱን መዝኑልኝ” አለች። “ሄሉን ግን ለእጄ ተዉት።”